ቁመትና ፍጥነት፦ የአንጀት ብግነት ባለባቸው ልጆች የምግብ እጥረትን አስቀድሞ መለየት

ከአያት ጦር ኃይሎች የሚደርሰው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ባቡሩን በአንድ ፎቶግራፍ ብቻ ብናየው ያለበትን ቦታ እናውቃለን፤ እየሄደ ይሁን ቆሞ ግን አንለይም። ፍጥነትን ለማወቅ ሁለት ፎቶግራፎችና በመካከላቸው ያለፈው ጊዜ ያስፈልጉናል። ይህ ሐሳብ የታመመን ልጅ ዕድገት ለመታደግ እንዴት እንደሚረዳ እንመልከት።

በሀገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ያላቸውን ሕፃናት የላይኛውን ክንድ ዙሪያ በባለቀለም ሜትር ይለካሉ። ልኬቱ ከ11.5 ሴ.ሜ. በታች ከሆነ ከፍተኛ፣ ከ11.5 ጀምሮ ከ12.5 በታች ከሆነ ደግሞ መካከለኛ የምግብ እጥረት ይባላል። ክንድን እንደ ክብ ብንወስደው ስፋቱ ከዙሪያው ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው። ስለሆነም ዙሪያው ከ14 ወደ 11.5 ሴ.ሜ. ሲወርድ የቀነሰው 18 በመቶ ቢሆንም፣ የክንዱ ስፋት አንድ ሦስተኛውን ያህል አጥቷል። አጥንት ስለማይከሳ ጉዳቱ የጡንቻና የስብ ነው።

የክሮን ሕመምና አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የተባሉት የአንጀት ብግነቶች ግን በብዛት የሚጀምሩት ከዚህ ዕድሜ በኋላ ነው። ሕመሙ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ አንጀት ምግብን እንዳይመጥ ያደርጋል፤ ከብግነቱ የሚመነጩ ኬሚካሎችም የዕድገት ሆርሞንን ሥራ ያዳክማሉ። ክብደት ብቻውን ሊያታልለን ይችላል፤ እብጠት ክብደትን ይጨምራልና። የኮርቲዞን ዓይነት መድኃኒቶችም ክብደትን እየጨመሩ የቁመትን ዕድገት ሊያዘገዩ ይችላሉ።

ቁመቱ 138 ሴ.ሜ. የሆነ የ12 ዓመት ልጅ አለ እንበል። በዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ የዕድሜው መካከለኛ ቁመት 149 ሴ.ሜ.፣ መደበኛ ልይይቱም 7 ሴ.ሜ. ያህል ነው። ስለዚህ፦

(138 − 149) ÷ 7 = −1.6

መቀንጨር የሚባለው ከ−2 በታች ሲሆን ስለሆነ ልጁ ፈተናውን ያለፈ ይመስላል። ይሁንና ከዓመት በፊት ቁመቱ 137.5 ሴ.ሜ. ከነበረ ፍጥነቱ በዓመት 0.5 ሴ.ሜ. ብቻ ነው፤ ጤናማ ልጅ ግን በዚህ ዕድሜ በዓመት 5 ሴ.ሜ. ያህል ያድጋል። ባቡሩ ቆሟል ማለት ነው!

እዚህ ላይ የልኬት ስሕተት መዘንጋት የለበትም። እያንዳንዱ ልኬት 0.5 ሴ.ሜ. ቢሳሳት የልዩነቱ ስሕተት 0.7 ሴ.ሜ. ገደማ ይሆናል። የአንድ ወር ዕድገት ግን 0.4 ሴ.ሜ. ብቻ በመሆኑ በስሕተቱ ውስጥ ይሰወራል። በ6 ወር 2.5 ሴ.ሜ. ሲደርስ ግን በግልጽ ይታያል።

የአንጀት ሳንባ ነቀርሳ ከክሮን ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል ምርመራውን ለሐኪም መተው ይገባል። የእኛ ድርሻ ልኬቱን ከነቀኑ መመዝገብ ነው። ውድ አንባብያን፣ የታናሾቻችሁን ቁመት ዛሬ ለክታችሁ ጻፉ፤ ከ6 ወር በኋላም ደግማችሁ ለኩና ፍጥነቱን ከነስሕተቱ አስሉ። ሆዱን ዘወትር የሚያመው፣ ዕድገቱም የቆመ ልጅ ቢገጥማችሁ መዝገቡን ይዞ ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ ምከሩ። የባከነ የዕድገት ጊዜ ሁልጊዜ ተመልሶ አይገኝምና።