የምጣኔ ሀብት ትምህርትና የስሜን ተራራ

ጥያቄ፦ በጎንደር የምጣኔ ሀብት ተማሪ ነኝ፤ ትውልዴ ደባርቅ ነው። በአካባቢ ምጣኔ ሀብት ልቀጥል ብል ለሴት፣ ያውም ለደጋ ገበሬ ልጅ፣ መንገዱ ክፍት ነውን?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ይህ ጥበብ ገበያ ዋጋ ያልቆረጠለትን የፍጥረት በረከት፣ ማለት የምንጩን ውኃ፣ የአፈሩን ለምነትና የዋልያውን ህልውና መዝኖ ለሚወስኑ ሰዎች የሚያቀርብ ስለ ሆነ፣ ከትውልድ ቀዬሽ የተሻለ የምርምር ስፍራ አታገኚም። የስሜን ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከ1996 ጀምሮ በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሮ ቆይቶ በ2017 ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ ግጦሹ ሲያገግም ዋልያው ይጠቀማል፣ ገብሱንና በጉን ትቶ ከከተማ ሸመታ ጋር የተጋፈጠው አባወራ የከፈለው ዋጋ ግን በየትኛው መዝገብ ይገባል? ካሳውን ብቻ ቆጥሮ ሒሳቡን የሚዘጋ ባለሙያ፣ በእኔ አስተያየት፣ የሥራውን እኩሌታ አልሠራም። ማገዶ የሚለቅሙትና ውኃ የሚቀዱት ይልቁንም ሴቶች በመሆናቸው፣ መጠይቁ ለአባወራው ብቻ ሲቀርብ የሚጐድለውን አንቺ ፈጥነሽ ታስተውያለሽ። ኤሊኖር ኦስትሮም እንኳ፣ የጓሳ ሣሩን እየከለለ በጊዜው ያሳጭድ እንደ ነበረው እንደ መንዝ የቄሮ ሥርዓት ያለውን የጋራ ሀብት አጠባበቅ መርምራ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት የመጀመሪያዋ ሴት ተሸላሚ ሆናለች። ስታቲስቲክሱን አጥብቀሽ ያዢ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍሽም ከግጭ የመጡትን እማወራዎች ጠይቂ።