የንጉሥ ስም በመሐላ

በጎጃምም እንደ ሌላው የሀገራችን ክፍል አባቶቻችን በገበያም ሆነ በዳኛ ፊት «ምኒልክ ይሙት»፣ ኋላም «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» እያሉ ይምሉ ነበር። ብዋሽ ንጉሤን ይግደልብኝ ማለታቸው ነው። የተበደለም «በኃይለ ሥላሴ አምላክ!» ብሎ በዳዩን ያቆም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወርደው በዚያው ዓመት ዐረፉ፤ መሐላው ከአፋችን እየጠፋ ሲሄድ «በሕግ አምላክ» ግን እስከ ዛሬ አለ።

የከበረ ስም ለጥቂት ሳንቲም ክርክር ሲጠራ ክብሩ ይረክሳል። ዛሬ «ማርያምን!» የምንለውስ? ቤተ ክርስቲያን ለከባድ ጉዳይ በእውነት መማልን አትከለክልም፤ ጌታ ግን ቃላችን ያለ መሐላ እንዲታመን ይሻል (ማቴ. 5፥34-37)።

መምህራን ሆይ፤ ልጆችን «በማለችሁ ጊዜ ማንን ምስክር ጠራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።