ጣውላ ወይም የቤት ዕቃ ከማዘዝዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ቀብድ ከሰጡ በኋላ የመደራደር አቅምዎ ይቀንሳል። እነዚህን ገንዘቡ ኪስዎ ውስጥ እያለ ይጠይቁ፤ ሻጩ ራሱ አያነሳቸውም።

• «ዋንዛ ነው» ሲሉዎ፣ የትኛው ክፍል? የአልጋው ፊት ዋንዛ፣ ጀርባው ቺፕውድ፣ ውስጡ ባህር ዛፍ ሊሆን ይችላል። ባህር ዛፍም ቀለም ሲቀባ ዋንዛ ይመስላል። መሳቢያውን አውጥተው ያልተቀባውን ቦታ ይዩ። የሚያሠሩ ከሆነ፣ ሳይቀባ መጥተው እንደሚያዩት አስቀድመው ይንገሯቸው።

• ደርቋል? ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። እርጥብ እንጨት ቤትዎ ገብቶ ሲደርቅ በወርዱ ይኮማተራል፣ በርዝመቱ ግን እምብዛም። በሩ ይጣመማል፤ የጠረጴዛው ገበታ መጋጠሚያው ላይ ይከፈታል። ለቤት ዕቃ እርጥበቱ ከ12 በመቶ ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል። መለኪያ ከሌላቸው፣ አንድ ዓይነትና እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ጣውላዎች ያንሱ፦ ከበድ የሚለው ገና ነው። «አድርቀነዋል» ካሉ፣ ስንት ወር? አየር እንዲገባው ተለያይቶ ተደርድሮ ነበር? ቢጣመም ማን ያስተካክላል? ይህን መልስ በጽሑፍ ይያዙ።

• ውፍረቱ ሳይላግ ነው ወይስ ተልጎ? 4 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ወርድና 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ 50ው አንድ ሜትር ኩብ ይሞላል። ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን የሚያገኙት 0.8 ብቻ ነው፤ አንድ አምስተኛውን ሳይረከቡ ከፈሉ ማለት ነው። ሜትርዎን ይዘው ይሂዱ።

• ኤምዲኤፍ ነው፣ ቺፕውድ ወይስ ኮምፔርሳቶ? ዋጋቸውም ጥንካሬያቸውም ይለያያል። ተራ ኤምዲኤፍና ቺፕውድ ውሃ ሲገባቸው ያብጣሉ፣ ሲደርቁም ወደ ቀድሞው አይመለሱም። ለወጥ ቤት ከሆነ፣ በተለይ ከመታጠቢያው ሥር፣ የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ መሸፈኑን በጣትዎ እየዳሰሱ ያረጋግጡ።

• ስቱኮ የት የት ተቀብቷል? ስንጥቅንና የነቀዝ ቀዳዳን ይደብቃል። ከሥሩ ደቃቅ የእንጨት ዱቄት የሚያራግፍ ዕቃ አይውሰዱ፤ ነቀዙ ገና በሕይወት ሊኖር ይችላል።

• እንጨቱ ከየት መጣ? ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ በ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው ነበር። ጣውላ ጭነው የሚጓዙ ከሆነ ደረሰኝና የማጓጓዣ ፈቃድ ይጠይቁ። ኬላ ላይ ቢወረስ የሚከስሩት እርስዎ ነዎት።

• ማጠፊያ፣ እጀታ፣ ቁልፍ፣ ማጓጓዣና መግጠሚያ ከዋጋው ውስጥ ናቸው? እያንዳንዱ በውሉ ላይ በስሙ ይጻፍ።