የመንገድ ማስታወቂያና የራውተር ኬላ

የካቲት 16 ቀን 2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008) ዩቲዩብ የተባለው የቪዲዮ ድረ ገጽ በበርካታ የዓለም ክፍሎች ለሁለት ሰዓት ያህል ተሰወረ። የድርጅቱ ኮምፒዩተሮች አልተበላሹም፤ የጠፋው ወደ እነርሱ የሚያደርሰው መንገድ ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ራውተሮች ስለ መንገድ የሚነጋገሩበትን ደንብ መመልከት ያሻል።

ኢንተርኔት በየራሳቸው የሚተዳደሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኔትዎርኮች ትስስር ነው። እያንዳንዱ ኔትዎርክ ቢ.ጂ.ፒ. በተሰኘው ፕሮቶኮል አማካይነት «እነዚህ አድራሻዎች በእኔ በኩል ይገኛሉ» ብሎ ለጎረቤቶቹ ያስታውቃል፤ እነርሱም ለየጎረቤቶቻቸው ያስተላልፋሉ። ፕሮቶኮሉ ሲነደፍ ግን የማስታወቂያው እውነተኛነት የሚረጋገጥበት ሥርዓት አልተበጀለትም።

ለአንድ አድራሻ ሁለት ማስታወቂያዎች ቢኖሩ ራውተር ይበልጥ ጠባብ የሆነውን የአድራሻ ክልል ይከተላል። ዩቲዩብ ያስታውቅ የነበረው 1,024 አድራሻዎች ያሉትን ክልል ነው። በዕለቱ ፓኪስታን ቴሌኮም በመንግሥት ትእዛዝ ድረ ገጹን በአገር ውስጥ ለመዝጋት ሲል ከዚያው ክልል የ256 አድራሻዎች ማስታወቂያ አወጣ። ማስታወቂያው ከድንበር አልፎ ፒ.ሲ.ሲ.ደብልዩ. ለተባለው ዓለም አቀፍ አገልግሎት ሰጪ ደረሰ፤ እርሱም ሳያጣራ ለዓለም አስተላለፈው። ለዩቲዩብ የተላከው መረጃ ወደ ፓኪስታን አቅጣጫ ጎርፎ በዚያው ቀረ።

ለመሆኑ በመግቢያው ላይ ምን ዓይነት ማጣሪያ ሊኖር ይገባል? አራቱን እንጥቀስ። አንደኛ፣ ከደንበኛ የሚመጣ ማስታወቂያ ደንበኛው አስቀድሞ ካስመዘገባቸው አድራሻዎች ጋር ይመሳከራል፤ ከዝርዝሩ ውጪ የሆነው ይጣላል። ሁለተኛ፣ እንደ 10.0.0.0 ያሉ ለውስጥ አገልግሎት የተከለሉ አድራሻዎች፣ ከውጭ የሚመጡ የራስ አድራሻዎች እንዲሁም ከ256 አድራሻ ያነሱ ክልሎች አይገቡም። ሦስተኛ፣ የአንድ ጎረቤት ማስታወቂያዎች ቁጥር ከተወሰነው ጣሪያ ካለፈ ግንኙነቱ ይቋረጣል። አራተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንብ በወጣለት ዘዴ ራውተሩ ማስታወቂያውን የአድራሻው ባለቤት በዲጂታል ፊርማ ካጸደቀው ሰነድ ጋር ያነጻጽራል። ይህ ዘዴ የሚመረምረው የማስታወቂያውን መነሻ እንጂ የተጓዘበትን ጎዳና አይደለም፤ ስለዚህ ሌሎቹን አይተካም።

ከሁሉም የመጀመሪያው ኬላ ልዩ ክብደት አለው። ደንበኛው የትኞቹ አድራሻዎች እንደሆኑለት በቅርብ የሚያውቀው አገልግሎት ሰጪው ነው። ማስታወቂያው እርሱን ካለፈ በኋላ በሩቅ ያለ ራውተር እውነቱን ከሐሰቱ የሚለይበት መረጃ እያነሰው ይሄዳል። ስለሆነም ማጣሪያውን የማኖር ድካም የአንዱ ሲሆን ጥቅሙ በአመዛኙ የሌሎች ነው፤ ብዙዎች ሥራውን ችላ የሚሉትም ስለዚሁ ነው።

ለተማሪዎች አንድ ጥያቄ እንተው። ዩቲዩብ በዕለቱ መንገዱን ለማስመለስ በመጀመሪያ ያንኑ የ256 ክልል፣ ቀጥሎም እያንዳንዳቸው 128 አድራሻ ያላቸውን ሁለት ክልሎች አስታወቀ። ሁለተኛውን የማጣሪያ ዓይነት የሚጠቀሙ ኔትዎርኮች ከእነዚህ ማስታወቂያዎች የትኛውን ይቀበላሉ? ለምንስ?