አንጀትን ስለሚመግቡ የደም ቅዳዎች መጥበብና ስለ ሕክምናው

በወንጪ ተራራ ግርጌ የሚያርስ ገበሬ፣ ቦዩ በደለል ሲጠብ ማሳው እንደሚጠወልግ፣ ጨርሶ ሲደፈንም እንደሚደርቅ ያውቃል። የሰውም አንጀት እንዲሁ ነው። አንጀታችን ደም የሚያገኘው ከታላቁ ደም ቅዳ በሚወጡ ሦስት ቅርንጫፎች ነው። እነርሱም በዕድሜ መግፋት፣ በትንባሆ፣ በደም ግፊት፣ በስኳር በሽታና በደም ውስጥ በሚበዛ ስብ ምክንያት ሊጠቡ ይችላሉ።

አንጀት ምግብ ሲቀበል ብዙ ደም ይሻል። ስለዚህ በሽተኛው ከበላ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ሆዱን ይቆርጠዋል፤ መብልን እየፈራም ይከሳል። ብዙ ሰው ይህን ጨጓራ ነው ብሎ የአምቦ ውሃ እየጠጣ ይቆያል። የአምቦ ውሃ ቢያስገሳም የጠበበ የደም ሥር አይከፍትም።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን መርምሮ መጥበቡን ሲያረጋግጥ፣ ሆድ ሳይቀደድ የሚደረግ ሕክምና አለ። ይኸውም በብሽሽት ወይም በክንድ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ በራጅ እየተመለከተ እስከ ጠበበው ስፍራ ያደርሳል። በቱቦው ጫፍ ያለችውን ፊኛ ነፍቶ መንገዱን ያሰፋል፤ ስቴንት የሚባል የሽቦ መረብም ደግፎ እንዲይዝ በዚያ ይተዋል። ይህን ጥበብ ቻርልስ ዶተር በ1964 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በእግር ደም ቅዳ ላይ ጀመረው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ለአንጀት ደም ቅዳ መዋሉ ተገለጠ። በሽተኛው ከቀዶ ጥገና ይልቅ ቶሎ ያገግማል፤ ሆኖም ሥሩ ዳግመኛ ሊጠብ ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ድንገተኛ መደፈን ነው። ብዙ ጊዜ ምቱ ከተዛባ ልብ የተነሣ የረጋ ደም ሥሩን ይዘጋዋል፤ አንጀትም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። አንጀት ከሞተ በኋላ ቱቦው ብቻውን አይበቃም፤ የሞተው ክፍል በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት። በአገራችን በብዛት የሚታየው የአንጀት መጠምዘዝም የደም ሥርን ስለሚያንቅ ጊዜ አይሰጥም።

ስለዚህ አንባቢዎቻችን የሚከተለውን እንዲያስታውሱ እናሳስባለን፤

1ኛ/ ከመብል በኋላ የሚመላለስ ቁርጠትና ክሳት ያለበት ሰው ለሐኪም ይታይ።

2ኛ/ ድንገት ብርቱ የሆድ ሕመም የያዘው ሰው፣ ሆዱ ሲዳሰስ ለስላሳ ቢሆንም፣ ሳይነጋ ወደ አምቦ ወይም በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ይወሰድ።

3ኛ/ ትንባሆ የሚያጤስ ይተው፤ የደም ግፊቱንም ያስለካ።

መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸውና ለወላጆች እንዲያስረዱልን አደራ እንላለን።