ማስፈንጠሪያ በሳሳበት መረብ ላይ ደረጃ ማውጣት፦ የገቢ ማስፈንጠሪያ ሚና መለወጥና የአማርኛ ገጾች

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ሸጎሌ ከአዲስ አበባ የቁም እንስሳት ገበያዎች አንዱ የሚገኝበት ሰፈር ነው። በበዓል ዋዜማ ወደዚያ የሚወጣ ገዢ ከመደራደሩ በፊት ሁለት ነገር ያጣራል፤ የዕለቱን ዋጋና የሻጩን ማንነት። ሁለቱንም የሚያገኘው ከሰው ነው። ቀድሞት ገብቶ የወጣ ጎረቤት ዋጋውን ይነግረዋል፤ ደላላው ስለ በሬው ይመሰክርለታል፤ ገዢው ግን ደላላው ከሽያጩ ድርሻ እንዳለው ስለሚያውቅ ቃሉን ቀነስ አድርጎ ይሰማል። ይኸው ሰው በስልኩ «የሸጎሌ በሬ ዋጋ» ብሎ ቢጽፍ፣ የፍለጋ ሞተሩም የሚገጥመው ጥያቄ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ቃሉን ከያዙት ገጾች መካከል የትኛው ይታመን?

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የተሰጠው ዋና መልስ «ሌሎች ገጾች የጠቆሙት ይታመን» የሚል ነበር። ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ማስፈንጠሪያ ይባላል፤ ከተቀባዩ ገጽ በኩል ሲታይ ደግሞ ገቢ ማስፈንጠሪያ፣ በተለምዶ ባክሊንክ፣ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ፣ ያ መልስ እንዴት ክብደቱን እንደ ቀነሰ ብቻ ሳይሆን፣ በአማርኛ ገጾች ላይ ከመጀመሪያውስ ምን ያህል ይሠራ ነበር የሚል ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥቆማ ሒሳብ

ሐሳቡ ከቤተ መጻሕፍት የመጣ ነው። ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የጥቅሶችን ማውጫ የማዘጋጀት ሐሳብ ሲያቀርብ፣ አንድ የምርምር ጽሑፍ በሌሎች ጽሑፎች መጠቀሱ ሊመዘገብና ሊፈተሽ የሚገባው ነገር መሆኑን አሳይቷል። በ1998 ሰርጌይ ብሪንና ላሪ ፔጅ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ይህንኑ ወደ ድረ ገጽ አምጥተው ፔጅራንክ አሉት። በዚያው ዘመን ጆን ክላይንበርግም ጠቋሚ ገጾችን ከተጠቋሚ ገጾች ለይቶ የሚመዝን ተቀራራቢ ስልት አቅርቧል።

ፔጅራንክ በመጀመሪያው ጽሑፍ እንደ ቀረበው ሒሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ገጽ ማንም ባይጠቁመውም 0.15 መነሻ ይሰጠዋል። ወደ እርሱ የሚጠቁም ገጽ ሁሉ ደግሞ የራሱን ነጥብ ለወጪ ማስፈንጠሪያዎቹ እኩል አካፍሎ፣ የየድርሻውን 0.85 እጅ ያስተላልፋል። ጠቋሚው ራሱ የተከበረ ከሆነ ጥቆማው ይከብዳል፤ በየአቅጣጫው የሚጠቁም ከሆነ ይቀልላል።

ይህ ቀመር ጥቆማ በበዛበት መረብ ላይ ያማረ ውጤት ይሰጣል። ጥቆማ በሳሳበት መረብ ላይ ግን ምን እንደሚሆን በእጅ ማስላት ይቻላል። አንድም ገቢ ማስፈንጠሪያ የሌላቸው መቶ ገጾች ቢኖሩ ሁሉም 0.15 ይዘው እኩል ይቆማሉ፤ ቀመሩ ስለ እነርሱ ምንም አልተናገረም ማለት ነው። ከመቶው አንዱ አንድ ብቻ ወደ ሌላው ቢጠቁም፣ ተቀባዩ 0.15 ሲደመር የ0.15 0.85 እጅ፣ ማለትም 0.2775 ያገኛል። በአንድ ጥቆማ ነጥቡ በ85 በመቶ አደገ። ሦስት እንዲህ ያሉ ገጾች ቢጠቁሙት 0.5325 ይደርሳል። ከዚህ የሚብሰው የሚከተለው ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ገጾች ከፍቶ አንዱ ወደ ሌላው ብቻ እንዲጠቁም ቢያደርግ፣ የሁለቱም ነጥብ እያደገ ሄዶ በ1 ላይ ይረጋል። ማንንም ሳያማክር የሠራው ጥንድ፣ ብቻውን ከቆመው ሐቀኛ ገጽ ከስድስት ተኩል እጥፍ በላይ ይበልጣል። ሰፊ በሆነው የእንግሊዝኛ መረብ ላይ እንዲህ ያለ ጥንድ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቆማዎች መካከል ይሰጥማል። በጠባብ መረብ ላይ ግን የገበያው ትልቁ ነጋዴ ይሆናል። የማጭበርበሪያው ዋጋ ከመረቡ ስፋት ጋር አብሮ ይወርዳል ማለት ነው፤ የትናንሽ ቋንቋዎች ችግር በስልተ ቀመር መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም የማይነሣውም እዚህ ላይ ነው።

የአማርኛ መረብ ለምን ሳሳ

ጥቆማ የመጻፍ ልማድ በአማርኛ ገጾች ያልዳበረው ጸሐፊዎች ስለ ሰነፉ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ የአማርኛ ጽሑፍ ወደ መረብ የሚወጣው እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር በራሱ ኮድ እየጻፈው፣ አለዚያም በምስል መልክ ነበር። ሮቦቱ እንዲህ ያለውን ገጽ ቢያገኘውም ሊያነበው አይችልም።

ብሪንና ፔጅ ለዚህ ዓይነቱ ችግር ሳያስቡት መፍትሔ አቅርበው ነበር ማለት ይቻላል። በማስፈንጠሪያው ላይ የተጻፈው ቃል ከጠቋሚው ገጽ በተጨማሪ የተጠቋሚውም መግለጫ ተደርጎ እንዲመዘገብ ያደረጉት፣ ምስልና የመሳሰለው ሊነበብ የማይችል ሰነድ ሳይቀር በፍለጋ እንዲገኝ ጭምር ነው። የማይነበብ የአማርኛ ገጽ ወደ እርሱ የሚጠቁም አንድ የሚነበብ ቃል ቢያገኝ ኖሮ ይገኝ ነበር። ነገር ግን ያ ቃል በአብዛኛው በላቲን ፊደል የተጻፈ ነበር። ሸጎሌን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው ደግሞ አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም፤ አንዱ አናባቢውን ይለውጣል፣ ሌላው ተነባቢውን ይደግማል፤ ጥቆማውም ይበታተናል።

ሁለተኛው ምክንያት የፖለቲካ ነው። በ2000ዎቹ ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፉ ገጾችን እየሰበሰቡ ሲጠቁሙ ከነበሩት ድረ ገጾች ብዙዎቹ የተከፈቱት በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበር። ከ2006 ጀምሮ ከእነዚህ ውስጥ በርካታዎቹ በአገር ቤት ተዘጉ፤ ከ200 በላይ የሚሆኑት እንደገና የተከፈቱት በሰኔ 2018 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት አንድ እንግዳ ነገር ተፈጠረ። የፍለጋ ሞተሩ ሮቦት ከአሜሪካ ሆኖ ጥቆማውን ያነባል፣ ይቆጥራልም፤ አዲስ አበባ ያለው አንባቢ ግን ጠቋሚውን ገጽ መክፈት አይችልም። ድምፅ ሰጪው በአገሩ የማይታይበት ቆጠራ ነበር። የአገር ውስጥ ጸሐፊም ወደ ተዘጋ ገጽ ለመጠቆም የሚያነሣሣው ነገር አልነበረም።

ሦስተኛውና ዛሬም ያለው ምክንያት የጽሑፉ መኖሪያ መለወጡ ነው። የአማርኛ ዕለታዊ ንባብ በአብዛኛው ወደ ፌስቡክና ወደ ቴሌግራም ሄዷል። በቴሌግራም አንድ መልእክት ወደ ሌላ ቻናል ሲተላለፍ ምንጩ አብሮ ይታያል፤ በይዘቱ ይህ ትክክለኛ ጥቅስ ነው። በማስፈንጠሪያ ቆጠራ ግን ይህ ከገጽ ወደ ገጽ የተዘረጋ ጥቆማ አይደለም። በበዓል ሰሞን የሸጎሌን ዋጋ የያዘ አንድ መልእክት ከቻናል ወደ ቻናል ሲዘዋወር ሊውል ይችላል፤ ከእንቅስቃሴው በዚህ ቆጠራ የሚታየው ግን እጅግ ጥቂቱ ነው።

የደላላው ቃል መርከስ

በሰፊው መረብ ላይ የሆነው ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ በአጭሩ ሊነገር የሚችልም ነው። ጥቆማ ዋጋ እንዳለው በታወቀ ጊዜ ተሸጠ። በጥር 2005 ጉግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት ባለ ገጾች «ይህን አትቁጠሩ» የሚሉበትን ምልክት ተቀበሉ። በሚያዝያ 2012 ጉግል ፔንግዊን የተባለውን ማሻሻያ አውጥቶ የተገዛ ጥቆማ የነበራቸውን ገጾች ወደ ታች ጣለ። በ2016 ስልቱ ተለወጠ፤ ከመቅጣት ይልቅ አጠራጣሪውን ጥቆማ እንዳልነበረ መቁጠር ተመረጠ። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ የ2005ቱ ምልክት ራሱ ከትእዛዝነት ወደ ፍንጭነት ዝቅ አለ። የኩባንያው ባለሙያዎች ንግግርም አብሮ ተለውጧል። በ2016 ማስፈንጠሪያ ከይዘት ጋር ከዋናዎቹ ሁለት መመዘኛዎች አንዱ መሆኑ ሲነገር፣ በ2023 ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ እንዳልሆነ ተገለጸ። በመጋቢት 2024 ከኩባንያው መመሪያ «አስፈላጊ» የሚለው ቅጽል ከማስፈንጠሪያ ላይ ተነሣ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለተመራማሪ ትምህርት የሚሰጠው የሩሲያው ያንዴክስ ሙከራ ነው። ያንዴክስ በ2014 በሞስኮ አካባቢ ለሚቀርቡ የተወሰኑ የንግድ ጥያቄዎች ማስፈንጠሪያን ከነጭራሹ ከደረጃ አወጣጥ አስወጣ። በ2015 መልሶ አስገባው፤ ጥቆማ የሚገዙትንም መቅጣት ጀመረ። ጉግልም ማስፈንጠሪያ የሌለበትን የራሱን ስሪት በውስጥ ሞክሮ ውጤቱ በእጅጉ የከፋ መሆኑን በ2014 አስታውቋል። የደላላው ቃል ይቀነሳል እንጂ ደላላው ከገበያ አልወጣም።

በምትኩ የመጣው

የማስፈንጠሪያን ክብደት ከተካፈሉት መካከል ሁለቱ ጎልተው ይታያሉ። አንዱ የተጠቃሚ ጠቅታ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በጉግል ላይ ባቀረበው የሞኖፖል ክስ በ2023 በተሰማው የምስክር ቃል፣ ናቭቡስት የተባለው ሥርዓት የ13 ወራት ጠቅታ እንደሚያጤን ታውቋል። ሁለተኛው የጽሑፍን ትርጉም የሚገምቱ የቋንቋ ሞዴሎች ናቸው።

ሁለቱም ለአማርኛ ከማስፈንጠሪያ የተሻለ ዕድል ይሰጣሉ ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ ጸሐፊዎች ባይጠቁሙም አንባቢዎች ጠቅ ያደርጋሉና። ግን ይህ ግምት መፈተሽ አለበት። ጠቅታ የሚያስተምረው ብዙ ሰው አንድን ጥያቄ ደጋግሞ ሲጠይቅ ነው። «የሸጎሌ በሬ ዋጋ» በዓመት ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚጠየቅ ነው፤ ያውም በፊደል ልዩነት ተከፋፍሎ። «ዋጋ» የሚለው ቃል ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ስለሌሉበት ዕድለኛ ነው። «ሠንጋ» እና «ሰንጋ» ግን ለማሽን ሁለት ቃላት ናቸው። «ከሸጎሌ»፣ «በሸጎሌ»፣ «የሸጎሌ» የሚሉትም ቅድመ ቅጥያቸው ካልተነጠለ እንዲሁ። የቋንቋ ሞዴልም ቢሆን የሚሠለጥነው በሚገኝ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ ደግሞ ከላይ በተባለው ምክንያት ከአሳሽ ሮቦት ዓይን ርቋል። ማስፈንጠሪያን ያሳጣው እጥረት ምትኩንም ይከተለዋል።

የአማርኛ የፍለጋ ጥናት እስካሁን በአመዛኙ የሠራው ቃልን ከቃል በማዛመድ ላይ ነው፤ ይህም ትክክለኛ መነሻ ነበር። በ2009 ለአማርኛ የተነደፈ የፍለጋ ሞተር በጉባኤ ላይ ቀርቧል። በ2020 ደግሞ 12,583 ሰነዶችና 240 የፍለጋ ርእሶች ያሉት የመፈተኛ ስብስብ ይፋ ሆኗል። እንዲህ ያለው ስብስብ ሰነዱ ለጥያቄው ይስማማል ወይ የሚለውን ይፈትናል። ሰነዱ ይታመናል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለእርሱም ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚጠቅም አንድ አሮጌ ሐሳብ አለ። በ2004 ጆንጂ፣ ጋርሲያ ሞሊናና ፔደርሰን ያቀረቡት ትረስትራንክ፣ ነጥብን ለሁሉም ገጽ እኩል ከመስጠት ይልቅ፣ ባለሙያ አይቶ ከመረጣቸው ጥቂት ታማኝ ድረ ገጾች ያስነሣዋል፤ ከእነርሱ በጥቆማ እየራቁ ሲሄዱ እምነቱ እየቀነሰ ይሄዳል። አዘጋጆቹ ከ200 ባነሱ መነሻ ድረ ገጾች ከመረቡ ሰፊ ክፍል አይፈለጌውን ማጣራት እንደሚቻል አሳይተዋል። ከላይ በተሰላው ምሳሌ እርስ በርሱ ብቻ የሚጠቋቆመው ጥንድ በዚህ ስልት ምንም አያገኝም፤ ከታማኙ መነሻ የሚደርሰው መንገድ የለምና። የመረቡ ጠባብነትም እዚህ ጥቅም ይሆናል፤ በአማርኛ መነሻ ሊሆኑ የሚችሉትን ድረ ገጾች አንድ አነስተኛ የተመራማሪዎች ቡድን በእጁ ሊመረምራቸው ይችላል። የቴሌግራም ማስተላለፍም፣ ቻናሉ ለሕዝብ ክፍት እስከሆነ ድረስ፣ እንደ ጥቆማ ተቆጥሮ በዚሁ ሒሳብ ሊገባ የማይችልበት ቴክኒካዊ ምክንያት የለም።

አስቸጋሪው ጥያቄ መነሻዎቹን ማን ይምረጥ የሚለው ነው። ድረ ገጾች ለአሥራ ሁለት ዓመታት ያህል ተዘግተው በኖሩበት አገር፣ የታማኞች ዝርዝር ከተዘጉት ዝርዝር ጋር ዝምድና እንደሌለው ማሳየት የአዘጋጁ ግዴታ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ፣ የምርጫው መስፈርትና ከዝርዝሩ የወጣ ድረ ገጽ የወጣበት ምክንያት አብረው ይፋ ቢሆኑ ይሻላል፤ የኩባንያዎቹ ሥርዓቶች ይህን አያደርጉም፣ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ግን ሊያደርገው ይችላል። ከዚያም በኋላ የበዓሉ ዋጋ ጉዳይ ይቀራል። ሦስት ቀን ብቻ የሚያገለግል ገጽ ጥቆማ ለማጠራቀም ጊዜ የለውም፤ እምነትን ሊወርስ የሚችለው ካወጣው ድረ ገጽ ወይም ቻናል ብቻ ነው። በዓሉ ሲያልፍ ያ ውርስ በስንት ቀን መቀነስ እንዳለበት ደግሞ በተከታታይ የበዓል ሰሞኖች መዝገብ ሊለካ የሚችል ነገር ነው።