አለቃ «እሳት ግቡ» ሲል



ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘማቾችን ልከው አሚር ሾሙላቸው፤ እንዲታዘዙትም አዘዙ። አሚሩ ተቆጣና እንጨት አስለቅሞ እሳት አስነደደ፤ «ግቡ!» አላቸው። አንዳንዶቹ ሊገቡ አሰቡ። ሌሎቹ ግን «ወደ ነቢዩ የመጣነው እኮ ከእሳት ሸሽተን ነው» ብለው ቆሙ። በዚህ መሀል እሳቱ ጠፋ፤ ቁጣውም በረደ። ነቢዩ ይህን ሲሰሙ፣ ገብተው ቢሆን ኖሮ እንደማይወጡ፣ መታዘዝም በመልካም ነገር ብቻ እንደሆነ አስተማሩ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ልብ በሉ! እምቢ የተባለው እሳቱ እንጂ አሚርነቱ አይደለም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፦ ሰዓት ማክበርና የታዘዙትን ሥራ መጨረስ አማና ነው። «ያልተሠራውን ተሠርቷል ብለህ ፈርም» ሲባል ግን ያ እሳት ነው። በአደብ «ይሄን አልፈርምም» በሉ፤ የቀረውን ሥራችሁን አሳምራችሁ ሥሩ። የእንጀራ ስጋቱ ከባድ ነው፤ ሪዝቅ ግን በአላህ እጅ ነው።

አላህ ያጽናን። አሚን።